ማታ የሚቀባው ጠዋት ሲቀባ

ደብረ ብርሃን ላይ ፋርማሲ ውስጥ ስትሠሩ፣ ከጉንፋን መድኃኒት ቀጥሎ ሰው አብዝቶ የሚጠይቃችሁ የፊት ቅባት ነው። በተለይ ከኅዳር ጀምሮ። ውርጩ ይመጣል፣ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የጥር ሠርግም ይቀርባል። «ፊቴን የሚያጠራልኝ ነገር ስጪኝ» ብሎ የሚገባው ብዙ ነው። ሁሉም «የቱ ይሻላል?» ይላል። «መቼ ልቀባው?» የሚለኝ ግን ከስንት አንድ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው ገቡ። ወረፋው እስኪያልቅ ጥግ ይዘው ቆሙ። ሰው ሲቀንስ ጠጋ አሉና ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። ሁለቱም ጉንጫቸው አብጦ ያብለጨልጫል። አፍንጫቸው ላይ ቆዳው እየተላጠ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀልቷል። ሲናገሩ እንኳ ፊታቸውን ላለማንቀሳቀስ ይጠነቀቃሉ።

«ልጄ፣ እሳት በላኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ምን ተቀብተው ነው?»

ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ ትንሽ ቲዩብ አወጡ። ትሬቲኖይን ነው፣ 0.05 በመቶ። ከወሊድ በኋላ ለወጣባቸውና ዓመታት ለቆየባቸው ማድያት፣ አዲስ አበባ ያለች የእህታቸው ልጅ ገዝታ የላከችላቸው። ካርቶኑ ላይ የሸጠው ሰው በእስክሪብቶ «1 ጊዜ» ብሎ ጽፏል። ሰዓት የለም፣ ሌላም ማስጠንቀቂያ የለም።

«መቼ መቼ ነው የሚቀቡት?»

«ጠዋት ነዋ! ፊቴን ታጥቤ፣ ቅባቴን ተቀብቼ ወደ ገበያ። ማታማ ማን ሊያየኝ ብዬ እቀባለሁ?»

እትዬ ድንች ነው የሚሸጡት። ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሻሻቸውን ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። ሻሹ የሸፈነው የግንባራቸው ክፍል ደህና ነው። ከዚያ በታች ያለው ተቃጥሏል። ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«እዚህም ቀብተው ነበር?» አልኳቸው፣ ደህናውን ቦታ እየነካሁ።

«እስከ ፀጉሬ ሥር ድረስ ነው የምቀባው።»

ቅባቱ ሁለቱም ቦታ ደርሷል። ልዩነቱ ፀሐይ ነው።

ትሬቲኖይን ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ነው። ቆዳ አሮጌውን አራግፎ አዲሱን ቶሎ ቶሎ እንዲያወጣ ያደርጋል። ለብጉርም ለማድያትም የሚሠራው በዚሁ ባሕርዩ ነው። አዲስ የወጣው ቆዳ ግን ስስ ነው፣ ፀሐይን አይችልም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ራሱ ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል። ጠዋት የቀባው ሰው የመድኃኒቱን ጥቅም ያጣል፣ ቃጠሎውን ያተርፋል።

እትዬ ግን በቀላሉ አልተቀበሉኝም። «የምን ፀሐይ? በዚህ ብርድ? ፀሐይማ ሸዋሮቢት ነው ያለው» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እዚህ አገር ፀሐይን የምንለካው በሙቀት ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ግን ከሙቀት ጋር ጉዳይ የለውም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሸዋሮቢት ቆላ ናት፣ 1,300 ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ታች ወበቁ ራሱ ሰውን ጥላ ፍለጋ ይሰደዋል። እዚህ ግን ብርዱን ሽሽት ፀሐይ ላይ ተሰጥተን እንሞቃለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፣ ነፋሱ ቃጠሎውን ያስረሳል፣ ፊት ግን መቃጠሉን አያቆምም።

ለጊዜው ያልኳቸው ትንሽ ነገር ነው። ቅባቱን ያቁሙ። ፊትዎን በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይታጠቡ፣ ሳሙና አያስነኩት። ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ፀሐይ ላይ አይቀመጡ። ውኃ ከቋጠረ፣ ከመገለ ወይም ዓይንዎ ካበጠ በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ሳምንታት ቆይተው ፊታቸው ሲያገግም ልጃቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ። ቲዩቡን ሊጥሉት ነበር። ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው። ሐኪሙ አይቷቸው፣ በደካማው መጠን፣ በ0.025፣ ማታ ማታ እንዲቀጥሉ አዘዘላቸው። ማዘዣውን ይዘው ሲመጡ ለእናትና ልጅ ቁጭ ብዬ ያስረዳኋቸውን ነው አሁን የምጽፈው። እዚህ ደጋ ላይ ፊቱን የሚቀባ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ማታ ፊታችን ላይ ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው የምንገባው። አቧራው፣ የኩበት ጭሱ፣ ላቡ፣ ጠዋት የቀባነው። ስለዚህ ሳሙና ካስፈለገ የሚያስፈልገው ማታ ነው። እሱም ለስላሳ ሳሙና። የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው። ከታጠቡ በኋላ ፊትን አድርቆ ጥቂት መጠበቅ ይገባል፤ ትሬቲኖይን እርጥብ ቆዳ ላይ ይበልጥ ይለበልባል። ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች። ዓይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ጥግና ከንፈር አይነካም። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ቆዳው ሲለምድ መጨመር። ትንሽ መድረቅና መላጥ ያለ ነው፤ መለብለብ ከመጣ ግን ቀኑን ማራራቅ ነው። ሌሊት ቆዳ ከቀን ይልቅ ብዙ ውኃ ያጣል፣ የእኛ አየር ደግሞ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ከላዩ ማለስለሻ ወይም ስስ ቫዝሊን። ማድያት በሳምንት አይለቅም። ወራት ይፈልጋል።

«ጠዋትስ ባዶ ፊቴን ልውጣ?» አሉ እትዬ።

ጠዋት ቆዳው ሌሊቱን ሲታከም ያደረ ነው። አዲስ ሕክምና አይፈልግም፣ ጠባቂ ነው የሚፈልገው። ደረቅ ቆዳ ላለው ሰው ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይበቃዋል። ከዚያ ማለስለሻ፣ ከዚያ የፀሐይ መከላከያ። የቫይታሚን ሲ ቅባት ያለው ሰው ከመከላከያው በፊት ይቀባው፣ ቦታው ጠዋት ነው። መከላከያው ኤስፒኤፍ (ዕቃው ላይ የተጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ፣ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው። ማድያት ላለበት ቀለም የተቀላቀለበት ይመረጣል፣ ምክንያቱም ማድያትን በዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ ያባብሰዋል፣ ቀለሙ እሱንም ይከላከላል። እኛ ፊት ላይም አመድ አይመስልም።

እትዬ ዋጋውን ሲሰሙ «ይኼ የስንት ኪሎ ድንች ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ውድ ነው። ሰፊ ጠርዝ ስላለው ባርኔጣና ስለ ጃንጥላ ተነጋገርን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ሥር መቀመጥ ብቻ ብዙ ያተርፋል። መከላከያ መግዛት አልቻልኩም ብሎ ፊቱን ለፀሐይ የሚሰጥ ሰው ግን ማታም ትሬቲኖይን ባይቀባ ይሻለዋል። ይህን ስል በልቤ እያዘንኩ ነው፣ ግን አልደብቅም።

ሌላም ላንሳ። ሎሚ ፊቱን አሽቶ ፀሐይ ላይ የሚወጣ አለ፤ ሎሚና ፀሐይ ተገናኝተው ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጠባሳውም ይጠቁራል። ስም በሌለው ዕቃ የሚሸጥ ቅልቅል ክሬም ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለበት፣ ለጥቂት ሳምንት ፊት ያሳምርና ቆዳውን አሳስቶ፣ ደም ሥሩን አውጥቶ፣ በብጉር ሞልቶ ይተወዋል። ያንን ጠዋትም ማታም አትቀቡት።

ከዚያ ወዲህ በፋርማሲያችን አንድ ነገር ለወጥን። ባልደረባዬ መጀመሪያ «ሰው ቸኩሎ ነው የሚመጣው፣ ማን ቆሞ ይሰማል?» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ስለዚህ ቆሞ ለማይሰማውም እንዲሆን ካርቶኑ ላይ ጻፍነው። ማታ ለሚቀባው በቀይ «ማታ ብቻ» ብለን ጨረቃ እንሥላለን፣ ጠዋት ለሚቀባው ፀሐይ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሁለቱን አይቶ ይለያል። አሁን ጨረቃውን ከኔ አሳምሮ የሚሥለው እሱ ነው።

እትዬ ነገሩን ለሰማችው ለእህታቸው ልጅ ስልክ አስደወሉኝ። ልጅቷ ደንግጣለች። እሷም ያንኑ ቅባት ትቀባለች፣ ጠዋት። «እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ነኝ፣ ፀሐይ አያገኘኝም» አለች። የት እንደምትቀመጥ ጠየቅኳት። መስኮት አጠገብ። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር አብዛኛውን ይይዛል፣ ቆዳ የሚያጠቁረውንና የሚያስረጀውን ግን በብዛት ያሳልፋል። ሚኒባስ ሾፌሮቻችን በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጫቸው ከሌላው ጠቆር የሚለው ለዚህ ነው።

ስልኩን ልዘጋ ስል አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ነፍሰ ጡር ነሽ?»

ዝም አለች። «በምን አወቅሽ?»

አላወቅኩም። ትሬቲኖይን በእርግዝና ጊዜ ስለማይመከር፣ ለሴት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነው። የሸጠላት አልጠየቃትም። ዛሬውኑ እንድታቆም፣ እንዳትደናገጥ፣ ለክትትል ስትሄድም ለሐኪሟ እንድትነግር አልኳት። ወዲያውም ባልደረባዬ ካርቶኖቹ ላይ ከጨረቃው ጎን ሌላ መስመር ጨመረ።