ስድስት ኮብለር በአንድ መጥበሻ

ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ እጄ ገባ። ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በአንድ እጅ ለማንሳት ከሞከራችሁ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። እንቁላል ብቻ ልጠብስበት አልፈለግኩም። በየቅዳሜው አንድ የፍራፍሬ ኮብለር ልጋግርበት ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ኮብለሮቹ ግን ሁሉም አልጠበቁልኝም።

ለማታውቁት፣ ኮብለር ማለት ከታች ፍራፍሬ፣ ከላይ ሊጥ ሆኖ አንድ ላይ የሚጋገር የአሜሪካ ጣፋጭ ነው። በቃ። እንደ ፓይ ሊጥ መዳመጥ የለም፣ እንደ ኬክ ክሬም መቀባት የለም። በእንግሊዝኛ ቃሉ ጫማ ሰፊ ማለትም ነው። እህቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ዛሬስ ሶሉ ስንት ሰዓት ይደርሳል?" ትለኛለች።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቀላሉ መንገድ ነበር። መጥበሻው ላይ ቅቤ ይቀልጣል። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ወተትና ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር ይመታና ቅቤው ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ፍራፍሬው ከላይ ይበተናል። አሠራሩ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረው፦ አታማስሉ። እኔ አማሰልኩ። ቅቤው ዳር ዳሩን ተንሳፍፎ ሳየው ያልተዋሃደ መሰለኝ። ለካ ተንኮሉ እዚያው ላይ ነው። ቅቤው ለብቻው ሲቆይ የሊጡ ጠርዝ እየተጠበሰ ይነሳል፤ ፍራፍሬውንም ከሥር ወደ ላይ እያለፈ ይውጠዋል። ሲማሰል ግን ሁሉም አንድ ሆኖ ይተኛል። ያወጣሁት ነገር ከባድ፣ ወዝ የበዛበት ዳቦ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። አላማሰልኩም። ወጣ! ጠርዙ ጥርት ብሎ ቡናማ ሆነ፣ መሃሉ ለሰለሰ። ጣፋጭ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ግን ከኮብለር ይልቅ ፍራፍሬ ያለበት ኬክ ነው። እኔ የፈለግኩት ከላይ ሸካራ ቅርፊት ያለውን፣ ከሥሩ ደግሞ ወፈር ያለ የፍራፍሬ መረቅ ያለውን ነው። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ተሻገርኩ፤ ሊጡ በማንኪያ እየተቆረሰ ፍራፍሬው ላይ የሚጣልበት። ችግሬም እዚህ ጀመረ።

ሦስተኛውን ስጋግር ኮክ ተጠቀምኩ። 900 ግራም ያህል። ልጣጩን ለማንሳት ከሥሩ የመስቀል ምልክት ቆርጦ ለግማሽ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። የበሰለ ኮክ ከሆነ ልጣጩ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ቆራርጬ ስኳር ነሰነስኩበት፣ ሊጡን ከላይ ከዳር እስከ ዳር አለበስኩትና ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። በ30 ደቂቃ ከላይ ወርቅ መሰለ። ደስ አለኝ። አወጣሁ፤ ሳይበርድ ማንኪያ ሰደድኩ።

ማንኪያው ሰመጠ። ከሥር የነበረው ውሃ ነው። የሊጡ ሆድ ደግሞ ነጭ፣ የሚያጣብቅ፣ ያልበሰለ። እህቴ አንድ ጊዜ ቀመሰችና "ይሄማ ሾርባ ነው" ብላ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ሾርባ ስትል ተናድጄ ነበር፤ ግን ልክ ነበረች። ፍራፍሬ አብዛኛው ውሃ ነው። ስኳር ሲነካው ደግሞ ውሃውን ወደ ውጭ ይስበዋል። ሙቀት ሲጨመርበት የቀረውም ይለቀቃል። እኔ ይህን ሁሉ ውሃ በሊጥ ክዳን ከድኜ እንፋሎቱ መውጫ አሳጣሁት። ያ እንፋሎት የት ይሂድ? የሊጡን ሆድ ቀቀለው እንጂ አልጋገረውም።

ቀላል መስሎኝ በአራተኛው ኮርን ስታርች፣ ማለትም ከበቆሎ የሚወጣ መረቅ ማወፈሪያ ዱቄት፣ ጨመርኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል የሚል አንብቤ ነበር። የባለፈው ቁጭት ስላልወጣልኝ አራት ከተትኩ። ከድጡ ወደ ማጡ! መረቁ እንደ ወረቀት ማጣበቂያ ደፈረሰና ተጓጎለ። ጣዕሙም የኮክ ሳይሆን የዱቄት ነበር። ይህንን እኔም አልጨረስኩትም።

ያኔ ነው ቆም ብዬ ስታርች እንዴት እንደሚሠራ ያነበብኩት። የስታርች ቅንጣት ውሃ የሚጠጣው ሲሞቅ ነው። በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል። ሲሞቅ ያብጣል፣ ፈሳሹም ይወፍራል፤ ጉልበቱን በደንብ የሚያሳየው ግን መረቁ ወደ መፍላት ሲቃረብ ነው። ስለዚህ የመጠኑ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሃሉ ካልፈላ ስታርቹ ሥራውን አልጨረሰም። የላዩ ቀለም ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። ሊጡ ውስጥ ስኳርና ቅቤ አለ፤ እሱ በራሱ ጊዜ ይቀላል፣ ከሥሩ ያለው ኮክ ገና ለብ እያለ እንኳ።

ከዚህ በኋላ ኦቨኑ በር ላይ ተደፍቼ አረፋ ማየት ጀመርኩ። ቀልድ አይደለም፣ በባትሪ። መጀመሪያ ዳሩ ይንተከተካል። ይህ አረፋ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። በዚህ ሰዓት ማውጣት የለባችሁም፤ ብረቱ ስለጋለ ዳሩ ብቻ ቀድሞ ፈልቶ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ አረፋው በሊጡ ቁራሾች መካከል ወደ መሃል እየገባ ይመጣል። ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አንዱ አረፋ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ "ጷ" ብሎ ይፈነዳና ቦታው ላይ ለቅጽበት ጉድጓድ ይተዋል። መሃል ላይ ይህን ካያችሁ ደርሷል። ላዩ እስከዚያ እንዳያር ከፈራችሁ ፎይል ጣል አድርጉበት።

አምስተኛው ላይ መጥበሻው ለምን መጥበሻ እንደሆነ ገባኝ። እስከዚያ ድረስ እንደ ማንኛውም ትሪ ነበር የምጠቀምበት። ቀዝቃዛ ብረት፣ ቀዝቃዛ ፍራፍሬ፣ ከላይ ሊጥ። ወፍራም ብረት ደግሞ ቶሎ አይሞቅም። አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ለምን ታዲያ እሳት ላይ አልጀምረውም? ፍራፍሬውን ከስኳሩ ጋር ግማሽ ሰዓት አስቀመጥኩት። የወጣውን ጭማቂ አጠለልኩ፤ አንድ ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ይህን ሁሉ ነው ለካ ስቀቅል የነበረው! ጭማቂውን መጥበሻው ላይ አፍልቼ ግማሽ እስኪሆን አከሰምኩት። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ስታርች ከሎሚ ጭማቂና ከትንሽ ውሃ ጋር በጥብጬ ጨመርኩ። ወፈር ሲል ኮኩን መለስኩበት፤ እንደገና መንተክተክ ሲጀምር ሊጡን በማንኪያ ጣል ጣል አደረግኩ። ክፍተት እየተውኩ። ሊጡ የሞቀ ፍራፍሬ ላይ ሲያርፍ ሆዱ ወዲያው መብሰል ይጀምራል። ያ የሚያጣብቀው ነጭ ነገር ጠፋ።

ስለ ሊጡ ብዙ አልልም። 190 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። 85 ግራም ከፍሪጅ የወጣ ቅቤ ቆራርጣችሁ በጣት ጫፍ ፈርፍሩበት። ሁሉም እንዲጠፋ አትፈልጉም፤ የአተር ፍሬ የሚያካክሉ ጉብታዎች ይቅሩ። እነሱ ኦቨን ውስጥ ሲቀልጡ በቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ሊጡን ይነፋዋል። ከዚያ 120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት ጨምሩና ዱቄቱ እስኪርስ ብቻ አገላብጡት። ደረቅ ዱቄት ከተረፈ አንድ ማንኪያ ወተት ጠብ አድርጉ። እንደ ዳቦ ካሻችሁት ይጠነክራል። አስቀያሚ ሊጥ ነው መሆን ያለበት። የቆየ ቤኪንግ ፓውደር ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ቆንጥራችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ካልተፍለቀለቀ ጣሉት። የኔ ሁለተኛው ሳምንት ላይ በዚህ ፈተና ወድቋል።

ኦቨኑ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ። የኔ ኦቨን ግን ዋሾ ነው። ቴርሞሜትር ውስጡ ሳስቀምጥ 190 እያለ 175 ላይ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን አረፋውን እመኑ።

ለአምስተኛው ምስጋናው ብዙ ነበር። ትዕቢቱም ተከተለ። ግማሹ ሲተርፍ "ነገ እናሞቀዋለን" ብዬ እዚያው መጥበሻው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት መረቁ ጠቁሯል። ስቀምሰው ብረት ብረት ይላል። ኮክም ሎሚም አሲድ አላቸው፤ አሲዱ ሌሊቱን ሙሉ በዘይት የተሟሸውን የመጥበሻውን ሽፋን ሲበላው አድሮ ወደ ብረቱ ደርሷል። ለአንድ ሰዓት መጋገር ችግር የለውም፤ ማሳደር ነው ጥፋቱ። ካጠብኩት በኋላ የመጥበሻው መሃል ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ እንደ አዲስ ማሟሸት ነበረብኝ። አጥቤ እሳት ላይ አደረቅኩት። በጣም ስስ ዘይት ቀባሁና፣ ጭራሽ እንዳልቀባሁ እስኪመስል በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ይህቺ ነገር ዋና ናት። ዘይቱ ከበዛ ሽፋኑ እየተጣበቀ ይቀራል። ከዚያ ደፍቼ 230 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆየሁትና ኦቨኑ ውስጥ እንዳለ እንዲበርድ ተውኩት። አንድ ዙር አልበቃውም፤ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ብረቱ ላይ የጠነከረ ሽፋን ይሠራል። አሁን እንደገና ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የተረፈ ኮብለር ደግሞ ከበረደ በኋላ ወዲያው ወደ ሳህን ይገለበጣል፤ ይህ በቤታችን ሕግ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ስድስተኛውን ጋገርኩ። አሠራሩ የአምስተኛው ነው፤ ቀረፋ ብቻ ጨመርኩበት፣ ስኳሩንም ኮኩን ቀምሼ ከ100 ወደ 70 ግራም ቀነስኩት። በ42ኛው ደቂቃ መሃሉ "ጷ" አለ። አወጣሁት። አሁን የቀረው ከባዱ ሥራ ነው፤ መጠበቅ። መረቁ ትኩስ ሲሆን ይቀጥናል፤ ለብ እያለ ሲመጣ ነው የሚይዘው። ብረቱ ደግሞ ሙቀቱን ስለማይለቅ ከኦቨን ከወጣም በኋላ ለደቂቃዎች መንተክተኩን አላቆመም። የመጥበሻውን እጀታ በወፍራም ፎጣ ጠቀለልኩት። ሳያስቡ የሚይዙት እጆች በቤቱ ውስጥ አሉ፤ አንደኛው የኔ ነው።

25 ደቂቃ ተቀምጠን አየነው። እህቴ ማንኪያ ይዛ ስትዞር፣ እኔ ስከለክላት። በመጨረሻ ጎረደችና ሳህኗ ላይ አደረገችው። ቅርፊቱ ሲሰበር ድምፅ አሰማ። መረቁ ወደ ሳህኑ ዳር አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ ተንፏቅቆ ቆመ። ማንኪያዋን መሃሉ ላይ ጎትታ መስመር ሠራች። መስመሩ እዚያው ቀረ። ምንም አላለችም፤ ሁለተኛ ጎረደች።

ከእናንተ ውስጥ በበረዶ የቆየ ፍራፍሬ የሞከረ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። እኔ እስካሁን አልነካሁትም፤ ሲቀልጥ ብዙ ውሃ ስለሚለቅ ማጥለሉን መዝለል የሚቻል አይመስለኝም። ፖም ግን አንዴ ለብቻው ፈትሼ አይቻለሁ፤ ከኮክ ያነሰ ውሃ ነው ያለው፣ ለመብሰል ግን ይዘገያል። ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት።

የዛሬው ፕሪም ነው፣ ከነልጣጩ። ቆርጬ ስኳር ከነሰነስኩበት 20 ደቂቃ ሆኖታል። ሳህኑ ሥር ቀይ ውሃ ተጠራቅሟል። ልሂድ ላጥልለው።