በየልባችን ያለው ሄሮድስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ የማቴዎስን ወንጌል 2ኛ ምዕራፍ ሳነብ ንጉሡ ሄሮድስ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው ምን ጎደለው? የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ እንደ አዲስ አሠርቷል። ከቤተ ልሔም ብዙም ሳይርቅ፣ ኮረብታ ላይ በስሙ የሚጠራ ምሽግ ነበረው። ግን ጥርጣሬ እንቅልፍ ነስቶት ሚስቱን ማርያምኔን አስገደለ። ሦስት ወንዶች ልጆቹንም እንዲሁ። እሱ አገር ይገዛል፤ እሱን ፍርሃቱ ይገዛዋል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚተረጉሙት የአንድምታ መምህሮቻችን አንዱን ቃል ተርጉመው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ በር ይከፍታሉ። ታሪኩ እንዳለ ታሪክ ነው። የእኔ ንባብ ግን እንዲህ ይላል፦ አንድም ሄሮድስ በየልባችን ዙፋን ላይ የተቀመጠው ፍርሃት ነው።

እስቲ አስቡት። የሥራ ባልደረባችን ዕድገት አገኘ ሲባል እንሰማለን። አፋችን «እሰይ፣ ደስ ሲል!» ይላል። ውስጣችንን ግን የሆነ ነገር ቆንጠጥ ያደርገዋል። ወዲያው «በማን በኩል ነው?» እንላለን። ሄሮድስም ሰብአ ሰገልን ሕፃኑን ስታገኙት ንገሩኝ፣ እኔም መጥቼ እሰግድለታለሁ ነበር ያላቸው። ራስን መግዛት የሚጀምረው እዚህች ቅጽበት ላይ ይመስለኛል። ስሜቱ ሳይጠራ ይመጣል፤ ማስቀረት አይቻልም። መምጣቱን ማየት ግን ይቻላል። አይቶም ዙፋኑን መከልከል፣ ያቺን ጥያቄ መዋጥ። ካልሆነማ ያልተገዛ ፍርሃት ምንም በማያውቁ ሰዎች ላይ ያርፋል። ሄሮድስ ያስገደላቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት ምን አደረጉ?

ከሄሮድስም በላይ የሚያስፈራኝ የካህናቱና የጸሐፍቱ ነገር ነው። መሲሑ የት እንደሚወለድ ሲጠየቁ ሚክያስን ጠቅሰው ቤተ ልሔም አሉ። ልክ ናቸው። ከኢየሩሳሌም እዚያ ድረስ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማቴዎስ ግን አንዳቸውም ተነሥተው እንደ ሄዱ አይነግረንም። የሄዱት ከሩቅ የመጡት እንግዶች ናቸው። ጥቅሱን በቃሉ የያዘ ሕሊናም እንዲህ ቁጭ ሊል ይችላል። የነቢያትን ጾም አንድ ቀን ሳያጎድል ጾሞ፣ ጎረቤቱን እንዳኮረፈ ዶሮው የሚቀርብለት ሰው ስንቱ ነው!

እኔም ዛሬ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት የማንኳኳው አንድ በር አለ። እናንተም ካላችሁ ሳይመሽ ሂዱ።

መልካም ገና!