የገፈት ኩባያው ደርቆ ሲያድር

ባለፈው የካቲት የፕሮቲን ስኪመሬ (ከዓሣ ገንዳ ውኃ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ኩባያ ከአንድ ሳምንት በላይ ደርቆ አደረ። ሜሪላንድ ባለው ቤታችን የማኖረው የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ 120 ጋሎን፣ በሊትር ወደ 450 ይይዛል። በወትሮው ኩባያው በየሦስት ቀኑ እንደ ጠቆረ ሻይ ያለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ይሞላ ነበር። ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው ይበላሉ፤ የምሰጣቸውም ምግብ አልቀነሰም። እንግዲህ የቆመው መሣሪያው እንጂ ቆሻሻው አልነበረም። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላጣራ ትልቅ ስኪመር ገዛሁ። ሌላ ሰው ያንን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊመለከታቸው የሚገቡትን ነገሮች እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

ሥጋ ሲቀቀል ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ በጭልፋ እንደምንገፈው ሁሉ፣ ስኪመርም የሚሠራው መግፈፍን ነው። ከዓሣ ፈሳሽና ከምግብ ትራፊ የሚመጡ ብዙ ኦርጋኒክ ንጥረ ነገሮች አንድ ወገናቸው ውኃን የሚሸሽ ስለሆነ፣ ውኃና አየር በሚገናኙበት ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ፓምፑ አየር እየሳበ ውኃውን በደቃቅ አረፋ ሲሞላው ይህ የመገናኛ ገጽ እጅግ ይሰፋል፤ አረፋውም የተሸከመውን ይዞ በአንገቱ በኩል እየወጣ ኩባያው ውስጥ ይፈስሳል። እኔ ይህን ፈሳሽ ገፈት እለዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። በጨው ውኃ ውስጥ አረፋዎች ቶሎ ስለማይዋሃዱ ደቅቀው ይቆያሉ፤ ስኪመር ጨው ለሌለው ተራ ውኃ ገንዳ የማይጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው በሳምፑ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ በሚቀመጡበት ከዋናው ገንዳ ጋር በተያያዘው ንዑስ ገንዳ፣ ውስጥ ያለው የውኃ ከፍታ ነው። አብዛኞቹ ስኪመሮች ከ15 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ እንዲቆሙ የተሠሩ ቢሆኑም ትክክለኛው ልክ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ፣ የመመሪያው ወረቀት ላይ የተጻፈውን በማስመሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል። ውኃው በትነት ሁለት ጣት ያህል ሲጎድል አረፋው አንገቱ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ ኩባያው በነጣ ውኃ ይሞላል። ስኪመሩ ከፍታው በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ቢቆም ወይም የተነነውን በራሱ የሚተካ መሣሪያ ቢገጠም ይህ ችግር ከሥሩ ይቃለላል። የእኔ ከፍታ ግን ትክክል ነበር።

ምክንያቱን ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን ማታ ከኩሽና ሆና «የዚህ ነገር ድምፅ ጠፍቷል እኮ፤ አልሰማኸውም?» አለችኝ። ስኪመር በደህና ጊዜው አየር ሲስብ ሽው የሚል የማያቋርጥ ድምፅ አለው። ጣቴን የአየር ቱቦው አፍ ላይ ባደርገው የሚስብ ኃይል አልነበረም። ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበትን ቀዳዳ ፈትቼ በባትሪ ብርሃን ስመለከት፣ ጨው እንደ ስኳር ቅርፊት ዙሪያውን ደርቆ የስፒል ጫፍ የሚያህል ክፍተት ብቻ ቀርቶ ነበር። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ደጋግሜ ስረጭበት ቅርፊቱ ሟሟ፤ ቱቦውን መልሼ ፓምፑን ስከፍተው የስኪመሩ ሆድ ወዲያው እንደ ወተት ነጣ። አሁን ይህን በየሁለት ሳምንቱ አደርገዋለሁ። በየአራት ወሩ ደግሞ ፓምፑን ፈትቼ፣ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፤ ባለ ጥርሱ መዘውር ላይ የሚጋገረው ካልሲየም በሌላ ነገር በቀላሉ አይለቅም።

ተቃራኒው ችግር፣ ማለትም አረፋው ገንፍሎ መፍሰሱ፣ ብዙ ጊዜ የስኪመሩ ጥፋት አይደለም። የኮራል ማጣበቂያ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና የቧንቧ ውኃ ማጣሪያ ፈሳሾች ለቀናት ያስገነፍሉታል። ቅባት የበዛበት ምግብ ደግሞ አረፋውን ለጥቂት ሰዓታት ያከስመዋል። በሁለቱም ጊዜ ትዕግሥት እንጂ ማስተካከያውን መነካካት አይጠቅምም።

የገዛሁት ትልቁ ስኪመር ሣጥኑ ላይ እስከ 300 ጋሎን ይላል። አዲስ ስኪመር እስኪላመድ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁት፤ አረፋው ግን አንገቱ አጋማሽ ላይ እየደረሰ ይፈርስ ነበር። በገንዳው ውስጥ የነበሩት ትንንሽ ዓሦች አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ ያን የመሰለ ሰፊ አንገት የሚሞላ አረፋ ለማቆም የሚበቃ ቆሻሻ አልነበረም። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ያለውን የጋሎን ቁጥር አትመኑት፤ የዓሦቻችሁን ብዛትና መጠን እንዲሁም በቀን የምትሰጡትን ምግብ አስቡ። ጥሩ አምራቾች ለጥቂት ዓሣና ለብዙ ዓሣ የተለያየ ልክ ይጽፋሉ፤ የምመርጠውም ለብዙ ዓሣ የተጻፈው ቁጥር ከገንዳዬ ጋር የሚቀራረበውን ነው። በጊዜው በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ኬን ፌልድማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የፈተኗቸው ስኪመሮች በውኃው ውስጥ ካለው ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያወጡ አሳይተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለውድ ሞዴል ብዙ ገንዘብ መጨመር አልታየኝም፤ ውኃ መቀየርንም አልተውኩም።

ከመግዛታችሁ በፊት የገንዳ ማስቀመጫችሁን የውስጥ ቁመት ለኩ፤ ስኪመሩ ቢገባም ኩባያው ወደ ላይ ተነሥቶ የሚወጣበት ቦታ ከሌለ በየጊዜው ማጽዳት አይቻልም። ገንዳው ሳሎን ወይም መኝታ ክፍል ከሆነ ፍጥነቱ የሚስተካከል የዲሲ (በቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠራ) ፓምፕ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ማስተካከሉም ይቀላል።

ትልቁን ስኪመር ከነሣጥኑ አስቀመጥሁት፤ የቀድሞው ተመልሶ ገባ። በሰኔ ወር አንድ ፐርፕል ታንግ ጨመርን፤ ይህ ዓሣ በዋናነት የቀይ ባሕር ነዋሪ ሲሆን የባሕር አረም ቀኑን ሙሉ ይግጣል፣ ቆሻሻውም የዚያኑ ያህል ነው። ኩባያውን አሁን በየሁለት ቀኑ እደፋለሁ፤ ትናንት የደፋሁትም የቡና ያህል ጠቁሮ ነበር።