ከፍ አልል ያለው ፖታሲየም

እኚህን እናት ተረኛ ሐኪም ሆኜ ነው የተቀበልኳቸው። የልብ ድካም ስላለባቸው ፉሮሴማይድ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ። በዚያ ላይ አራት ቀን ተቅማጥ ይዟቸዋል። «ልጄ፣ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ» አሉኝ። እስኪ ያንሱት ስላቸው ተረከዛቸው ከአንሶላው ትንሽ ብድግ አለና ተመልሶ ወደቀ።

ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም፣ ጡንቻና ልብ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ማዕድን፣ 2.4 ሆኖ መጣ። ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ነው። የልብን ኤሌክትሪክ በሚስለው ምርመራ (ኢሲጂ) ላይ ቲ የሚባለው ሞገድ ተኝቷል፣ ከኋላው ዩ የሚባል ሞገድ ብቅ ብሏል። ልብ እየተቸገረ ነው ማለት ነው።

ፉሮሴማይዱን አቆምን። ሽንታቸው ደህና መሆኑን አይተን ፖታሲየሙን በሳላይን (በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውኃ) በጥብጠን፣ በሰዓት 10 ሚሊሞል፣ ልባቸውን በሞኒተር እየተከታተልን ጀመርንላቸው። ግሉኮስ ውስጥ አልጨመርነውም፤ ስኳሩ ኢንሱሊን ያስነሳና ያለችውንም ፖታሲየም ከደም ወደ ሴል ያስገባታል። በሲሪንጅ ቀጥታ መግፋትማ ፈጽሞ አይታሰብም፣ ልብ ያቆማል።

በማግስቱ 2.6። በሦስተኛው ቀን 2.5። ተቅማጡ ቆሟል፣ መድኃኒቱ እየገባ ነው፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደም በድጋሚ አስቀዳሁ። ያው ነው። የሚሰጠውን መጠን ልጨምር ስል የሌሊቷ ሲስተር ካርዱን እያገላበጠች፣ «ዶክተር፣ የማግኒዥየም ምርመራ ተልኮ ያውቃል?» አለችኝ።

አልተላከም። ሦስት ቀን ሙሉ አላሰብኩትም።

ውጤቱ 0.4 ነበር፤ ቢያንስ 0.7 መሆን ነበረበት። ፉሮሴማይዱም ተቅማጡም ፖታሲየምን ብቻ ሳይሆን ማግኒዥየምንም ያጥባሉ። ኩላሊት ውስጥ ፖታሲየም ወደ ሽንት የሚወጣበት በር አለ። ያንን በር ገርበብ አድርጎ የሚይዘው ማግኒዥየም ነው። እሱ ሲያንስ በሩ ወለል ይላል፣ እኛ የሰጠነው ሁሉ በሽንት ይሄዳል። እኚህን እናት ሦስት ቀን ያስተኛኋቸው በቀዳዳ እንስራ ውኃ እየሞላሁ ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥር ሰጠናቸው። በነጋታው ፖታሲየሙ 3.1፣ ቀጥሎ 3.7። ጠዋት ስገባ ሳልጠይቃቸው እግራቸውን አነሱልኝ።

ሲወጡ ፉሮሴማይዱን ቀንሰን ስፒሮኖላክቶን የሚባል ሌላ የሚያሸና መድኃኒት ጨመርንላቸው። እሱ ደግሞ ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር ከልክ እንዳያልፍ በሳምንቱ ደም ሊሰጡ ተቀጠሩ። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ከፖታሲየም ሥር ማግኒዥየምን በእጄ ጻፍኩ።