የገደሉትን ወፍ አድርቆ ማቆየት፦ ሕጉ ምን ይላል?

የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተወላጅ የሆነውና አሁን ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በየመጸው ዳክዬ የማደን ልማድ አለው። በቅርቡ ሁለት ጥያቄዎች ላከልኝ። የመጀመሪያው፣ ራሱ አድኖ ያስደረቀውን አንድ ዳክዬ ለእናቱ ሳሎን ማምጣት ይችል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለእረፍት ሲመጣ በሐይቅ ዙሪያ ዝይ ወይም ቆቅ አድኖ በተመሳሳይ መንገድ ማስደረቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆቴልና ሬስቶራንት የሚከፍቱ ሰዎች ግድግዳቸውን በደረቀ ወፍ ማስዋብ ሲመኙ ስለምሰማ፣ መልሱን ለእርሱ ብቻ ከመጻፍ እዚህ በዝርዝር ማስፈሩን መረጥሁ።

ወፍ ማድረቅ (በእንግሊዝኛው ታክሲደርሚ) ስል የወፉን ቆዳ ከነላባው ገፎ፣ ከመበስበስና ከብል የሚጠብቅ መድኃኒት ቀብቶ፣ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ በማልበስ በሕይወት ያለ አስመስሎ የማቆም ሙያ ማለቴ ነው። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የገባ ሰው የዚህን ሙያ ውጤት አይቷል። በነገራችን ላይ፣ የድሮ ባለሙያዎች ቆዳውን አርሴኒክ በተባለው መርዝ ያሹት ስለነበር፣ ዕድሜ የጠገበ የደረቀ እንስሳ ያለው ሰው በባዶ እጁ ባይነካካው ይሻላል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በእኛ አገር ሥር የሰደደው አስተሳሰብ ግዳይ የገዳዩ ነው የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ ከባዶ አልተነሣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1151፣ ባለቤት የሌለውን ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገር ባለሀብት ለመሆን አስቦ በእጁ ያደረገ ሰው የነገሩ ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል፤ የጫካ ወፍም ጌታ የለውምና ለያዘው ይሆናል ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ካስቀመጠ በኋላ ይህ ክርክር ብዙ አያራምድም። በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የምትዋኝ ዳክዬ የሕዝብ ሀብት ከሆነች፣ በጥይት ስለተመታች ብቻ የተኳሹ ንብረት አትሆንም። የእርሱ የምትሆነው ባለቤቱ፣ ማለትም መንግሥት፣ በፈቃድ በሰጠው ልክ ነው።

ይህንን ፈቃድ የሚመራው በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ከመግደል አልፎ የዱር እንስሳት ውጤት የሚላቸውን፣ ማለትም ቆዳን፣ ላባንና የመሳሰለውን በእጅ መያዝን፣ ማዘጋጀትን፣ መነገድን፣ ወደ አገር ማስገባትንና ማስወጣትንም በፈቃድ ሥር ያደርጋል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ቆቅ የገደለ አንድ ጥፋት ሲሠራ፣ እርሱን ተቀብሎ ያደረቀው ባለሙያና ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ባለ ሆቴል እኔ አልገደልሁም በማለት አያመልጡም። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነበር። ሕግ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የቅርቡን ነጋሪት ጋዜጣ ማመሳከር አለበት።

የጦር መሣሪያ ፈቃድ አለኝ የሚለው መልስም አያዋጣም። መሣሪያ መያዝን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሌላ ነው፤ የአደን ፈቃድ ሌላ ነው። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ደግሞ የመሣሪያ ወረቀት ይዞ መግባት ነገሩን የሚያከብደው እንጂ የሚያቀልለው አይመስለኝም።

በወሎ ቆላ፣ ከሐርቡ እስከ ከሚሴ፣ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ከማሽላ ላይ የሚያባርር ገበሬ ይህንን ሲያነብ ሊደነግጥ አይገባም። ግሪሳ ሲወርድ መንግሥት ራሱ በአውሮፕላን መድኃኒት የሚረጭበት አገር ነው። ሰብልን መጠበቅና ግዳይን አድርቆ ማኖር በዓላማም በውጤትም የተለያዩ ናቸው።

አሁን የአክስቴን ልጅ ዳክዬ እንመልከት። አሜሪካ በ1918 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የተሰዳጅ አእዋፍ ስምምነት ሕግ፣ በ1916 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ካናዳን ወክላ ከፈረመችው ስምምነት የተወለደ ሲሆን፣ በኋላም ከሜክሲኮ፣ ከጃፓንና ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተደረጉ ስምምነቶች ተጨምረውበታል። በዚያ ዘመን ወፎች ለሴቶች ባርኔጣ ላባ ሲባል በገፍ ይጨፈጨፉ ስለነበር፣ ሕጉ ያለ ፈቃድ መግደልን ብቻ ሳይሆን መያዝን፣ መሸጥን፣ መግዛትንና ወደ ውጭ መላክን ጭምር ከለከለ፤ ከመንገድ ላይ የተነሣ አንድ ላባ እንኳ በክልከላው ውስጥ ይወድቃል። ንስር ደግሞ በ1940 እ.ኤ.አ. የወጣ የራሱ ሕግ ስላለው ሞቶ ቢገኝም ማንም እንደፈለገ ወደ ቤቱ አይወስደውም።

ለአዳኝ ግን በር ተከፍቶለታል። በወቅቱ፣ በፈቃዱና በተወሰነለት ቁጥር ልክ ዳክዬ የገደለ ሰው ለራሱ ቢያደርቀው የባለሙያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የፌዴራሉ የታክሲደርሚ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለሌላ ሰው ለሚሠራ ነው። ወፉን ለባለሙያ ሲያስረክብም የአዳኙ ፊርማና አድራሻ፣ የወፎቹ ዓይነትና ቁጥር፣ የተገደሉበትም ቀን የተጻፈበት ወረቀት አብሮ መታሰር አለበት። ወፉ ደርቆ ከቆመ በኋላ በስጦታ መስጠት ይቻላል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ስለ ላባው የተደነገገውን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ፦ በአደን የተገደለ ዳክዬና ዝይ ላባ ለትራስ፣ ለፍራሽና ለዓሣ ማጥመጃ ይሸጣል፤ ለባርኔጣና ለጌጥ ግን አይሸጥም። መቶ ዓመት ያለፈው የባርኔጣ ቂም እስካሁን አልበረደም ማለት ነው።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ሳሎኑ ውስጥ ባቆመው ዳክዬ ምንም ጥፋት የለበትም። ወደ ሐይቅ ላምጣው ሲል ግን የመያዝ መብቱ ከድንበር ጋር ያበቃል። ዳክዬው በዓለም አቀፉ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት መዝገብ ውስጥ ያለ ዓይነት ባይሆንም፣ አሜሪካ ሲያስወጣ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ሲያስገባ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሕግ ይጠይቁታል። ከመብረሩ በፊት የሁለቱንም አገር የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ጠይቆ መልሳቸውን በእጁ ቢይዝ ይሻላል፤ አለበለዚያ ቦሌ ላይ የሚወረስ ሻንጣ እያዘጋጀ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ ይተወው። በደጋችን ያለው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ክረምትን ሽሽት ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ሐይቆቻችን የሚመጡት ዳክዬዎችም ያለ ፈቃድ አይነኩም። ሙያውን ለመማር ለሚፈልግ የደሴ ወጣት ግን ማንም ፈቃድ የማይጠይቅበት መንገድ አለ፤ ከገበያ የተገዛ የሐበሻ ዶሮ። ቆዳው ከቆቅ ቆዳ እምብዛም አይለይም፣ የአውራ ዶሮ ላባም ከብዙ የዱር ወፍ ያምራል፣ ሥጋውም ለወጥ ይተርፋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ከአዋጁ በፊት የነበረው ነገር ነው። በብዙ ቤተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል አለ፤ በአንዳንድ ባላባት ቤትም ከአያት የተረፈ የላባ ጌጥ ይገኛል። ሕግ አውጪው እነዚህን ሊያሳድድ ያሰበ አይመስለኝም። ነገር ግን በቦታው ያለን ቅርስ ማቆየት አንድ ነገር ሲሆን፣ እርሱን ለቱሪስት መሸጥ ወይም ለዘመድ ብሎ ወደ ውጭ መላክ ሌላ ነው። በተለይ የንስር፣ የጭልፊት፣ የጥንብ አንሳና የጉጉት ላባ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት ያው የንግድ ስምምነት እነዚህን ወፎች ስለሚመዘግባቸው፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት የተላከ ላባ በተቀባዩ አገር ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ተጠያቂ የሚሆነውም በስሙ የተላከለት ዘመድ ሊሆን ይችላል።