«አሉ» ማለት የረሳሁ ቀን

ከአገር ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሌሊት ሥራ፣ ቀን ክፍል። የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፌ ሲመለስ ከዋቢ ዝርዝሩ አንዷ መስመር በቀይ ተከባለች። አስተማሪዋ አስጠራችኝ።

«ይህን የ1978ቱን ጽሑፍ አንብበኸዋል?»

«አዎ» አልኩ።

«ጽሑፉ እኮ ገጽ 61 ላይ ያልቃል። አንተ የጠቀስከው ገጽ 81ን ነው።»

ላብ አሰመጠኝ። ጽሑፉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በ2009 የወጣ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሶ አግኝቼ ከነገጹ ገለበጥኩት። መጽሐፉ ቁጥሩን ተሳስቷል፣ እኔም ስህተቱን እንዳለ ወረስኩ።

ደግነቷ አልጮኸችብኝም። ሲምኪን እና ሮይቾውድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡትን ጥናት አሳየችኝ። 4300 ጊዜ ያህል የተጠቀሰ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ወስደው፣ ሲጠቀስ የተሳሳተበትን ቆጠሩ። 196 ስህተት አገኙ፤ በዓይነት ግን 45 ብቻ። አንድ የተሳሳተ የገጽ ቁጥር ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ቁጥር ላይ ምን አገናኘው? መገልበጥ ነዋ! ብቻዬን አለመሆኔ ትንሽ አጽናናኝ፣ አልዋሽም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ስልት ጽሑፉ ውስጥ ሁለቱንም ትጠራለህ፦ «እገሌ (1978)፣ በእገሊት (2009) እንደተጠቀሰው»። ዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ የምትገባው ግን እገሊት ብቻ ናት። የሐሳቡን ባለቤት ከዝርዝር ማስቀረት መጀመሪያ ነውር መሰለኝ። ለካ ዝርዝሩ የሚናገረው እኔ ምን እንዳነበብኩ ነው። (ቺካጎ የተባለው ስልት በግርጌ ማስታወሻ ሲሠራ ሁለቱም እንዲጻፉ ይፈልጋል፤ የትኛውን እንደምትጠቀሙ ቀድማችሁ ጠይቁ።)

የሚገርመኝ፣ ይህንን ልዩነት በአማርኛ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። «መጥቷል» እና «መጥቷል አሉ» አንድ አይደሉም። ያላየሁትን ሳወራ «አሉ» ሳልል አላልፍም። በሰው አገር ቋንቋ ስጽፍ ግን አዋቂ ለመምሰል ስል ዋጥኳት።

«እንደተጠቀሰው» የሚባለውም ዋናው ሲጠፋ፣ ወይም በማታውቀው ቋንቋ ሲሆን ነው እንጂ አቋራጭ አይደለም አለችኝ አስተማሪዋ። እናም ላይብረሪው የ1978ቱን ጽሑፍ ከሌላ ላይብረሪ እንዲያስመጣልኝ ጠየቅኩ። በሁለት ሳምንቱ ደረሰ። ጥቅሴን ፈልጌ አገኘኋት፣ ገጽ 58 ላይ። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር «ይህ አመለካከት ግን አያስኬድም» ብሎ ይጀምራል። ሰውዬው የሌሎችን ሐሳብ ሊነቅፍ ነበር የጠቀሰው።

ሦስት ገጽ እንደገና ጻፍኩ።