ሳያልቅ ቁጥር የወጣለት ቨርዥን

ደሴ ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ ባለሙያዎቹ አዲሱን ቨርዥን (እትም) ከመጀመሪያው ቀን «2.0» ይሉት ነበር። ታኅሣሥ ላይ በከፊል የደረሰው ለሙከራ ኮምቦልቻ መጋዘን ተጫነ። ያለቀው የካቲት ላይ ወጣ፤ የእሱም ቁጥር «2.0» ነው።

በሙከራው፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት የዳታቤዙ «ብዛት» ዓምድ ሙሉ ቁጥር ብቻ ይይዝ ነበር፤ ባለቀው ላይ ነጥብ እንዲይዝ ተስተካክሏል። ማሻሻያው ሲጫን አስቀድሞ የሚያየው የቨርዥን ቁጥሩን ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ «2.0» አገኘና ዓምዱን ሳይነካ አለፈ። ከዚያ በኋላ በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) የወጣው 12.5 ኩንታል ስንዴ 13 ሆኖ ገባ። ዳታቤዙ ነጥቡን አጠጋግቶ ይመዘግባል እንጂ ስህተት ነው ብሎ አይመልስም። በስምንት ወጪ ልዩነቱ 4 ኩንታል ደረሰ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ኮምፒውተሩ ከሚለው በለጠ።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠራተኛ የዕቃውን ገቢና ወጪ በእጅ የምትጽፍበትን ቢን ካርድ ዘርግታ፣ «ወላሂ ልጄ፣ እኔ የጻፍኩት አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ይኸው!» አለች። ዓምዱ ኋላ ቢስተካከልም የጠፋችው ግማሽ አትመለስም። ስምንቱም ሞዴል 22 ከወረቀቱ ላይ እየታየ እንደገና ተመዘገበ።

ኮድኔም የሚባለው የሥራ ስም ያስፈለገው ለዚህ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ቁጥሩ የሚወጣበት ዓመትና ወር ነው። በሥራ ስሙ ዳፐር ድሬክ የተባለው ቨርዥን በፈረንጆቹ 2006 ኤፕሪል ሊወጣ ታስቦ ወደ ጁን ሲገፋ 6.04 መሆኑ ቀርቶ 6.06 ሆነ፤ ዳፐር ግን ያው ዳፐር ነው። ያላለቀ ሥራ ቀኑም ይዘቱም ይቀየራል፤ ስሙ ግን አብሮት ይቆያል።

የደሴዎቹ የወሎን ቦታዎች በፊደል ተራ ያዙ፦ ላሊበላ፣ ሐይቅ፣ መርሳ፣ ቦርከና። የትኛው እንደሚቀድም ከስሙ ይታወቃል። ሐይቅ ግን አስቸገረ፤ በላቲን ፊደል አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ስለሚጽፈው ሁለት ፎልደር ተፈጠረ። አጻጻፉ አንድ ብቻ የሆነ ስም መምረጥ ይሻላል። ስሙ በዳታቤዝ ሰንጠረዥ ስምም ሆነ በፋይል አድራሻ ውስጥ መግባት የለበትም፤ አንዴ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው።

አሁን ማሻሻያው የሚያየው የዳታቤዙን የቅርጽ ቁጥር ነው፤ ዓምድ በተቀየረ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ለሙከራ በተጫነ ማሽን ላይ «መርሳ 14፣ ለሙከራ» የሚል ይነበባል። የቨርዥን ቁጥሩ የሚጻፈው ፕሮግራሙ በሚወጣበት ቀን ብቻ ነው።